ያልወረወርኩት ፎጣ

ወንድሜ የቦክስ ሻምፒዮን ነበር። ዛሬ ይህን የሚያውቅ ሰው ከድሮ ሰፈራችን ሁለት ወይ ሦስት ቢቀር ነው። እኔም ሰባን አልፌያለሁ፤ ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ጽሕፈቴ የመሠረተ ትምህርት ነው። ያማረ ነገር የሚፈልግ ሌላ ጋ ይሂድ። እኔ የሆነውን ነው የምናገረው።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ወዲያ፣ በገርጂ በኩል ነበር። ያኔ ገርጂ ገጠር ነው፤ ጤፍ ይዘራበታል፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። አባታችን ቀድሞ ሞቷል። እናታችንን የያዝነው ሁለታችን ነን። እኔ አውሮፕላን ማረፊያው የጭነት መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ ነበርኩ። ወንድሜ ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ያንሳል። ጋሼ ነው የሚለኝ።

መጀመሪያ ያበላሸው ሲኒማ ነው። የቻይና ፊልም አይቶ በመጣ ቁጥር የሰፈሩን አጥር በእርግጫ ይመታል። አንድ ቀን የጎረቤታችንን አጥር ጣለና ሴትዮዋ እናቴ ዘንድ መጣች።

"አንቺ፣ ልጅ ነው በቅሎ የወለድሽው?" አለቻት።

"የአንቺን አጥርማ ዶሮም ስታክክበት ይወድቃል" አለች እናቴ። አጥሩን ግን እኔ ነኝ ያቆምኩት።

በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ በሌለ ቀን ቦክስ የሚያሠለጥን አንድ ጡረተኛ ወታደር ነበር። በስሙ የሚጠራው የለም፤ አሥር አለቃ ነው የሚባለው። ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። ልጁ እንደለመደው ዘሎ አንድ እርግጫ አሳየው። አሥር አለቃ ሳቅም አላለ።

"እግርህን ለኳስ አስቀምጠው" አለው። "እዚህ የሚሠራው እጅ ነው።" ከዚያ ግንባሩን በጣቱ ቆረቆረው። "ይሄ ደግሞ እንድታስብበት ነው የተሰጠህ። ሰው እንዲመታብህ አይደለም።"

በዚህ ተጀመረ። ከቤታችን ጓሮ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ አሸዋና ሰጋቱራ የሞላሁትን ጆንያ ሰቀልኩለት። ከሥራ ስመለስ ከሩቅ የቡጢውን ድምፅ ነው የምሰማው። ጠዋት ጠዋት ሰዓት እላፊው እንዳበቃ የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥር ይዞ እስከ ኦሎምፒያ ይሮጣል፤ ይመለሳል። የአጥሩ ጠባቂዎች በኋላ ለመዱት እንጂ መጀመሪያ ያስቆሙት ነበር።

"ምን ሰርቀህ ነው የምትሮጠው?" ይለዋል አንዱ።

"አልሰረቅኩም። ኪሎ ልቀንስ ነው።"

"እኛ አንድ ኪሎ ስኳር ለማግኘት በኩፖን እንሰለፋለን፤ አንተ ያገኘኸውን ኪሎ ልትጥል ትሮጣለህ። እለፍ፣ እለፍ።"

የሰው ሚዛን በሰፈራችን አልነበረም። እኔ ጋ ግን የጭነት ሚዛን አለ። እሑድ ጠዋት መጋዘኑ ጭር ሲል አስገባውና የቡና ጆንያ ከሚመዘንበት ላይ አቆመዋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ቁጥሩን አይቶ ይጽፋል።

"ይሄ ዕቃ ወዴት ነው የሚላከው?" ይላል።

"ዝም ብለህ መዝን" እለዋለሁ።

"'ይሰበራል፣ በጥንቃቄ ያዙ' የሚል ወረቀት ልለጥፍበት?"

ወንድሜ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ሚዛኑም አብሮት ይንቀጠቀጣል፤ እንደገና እንጀምራለን።

አሥር አለቃ የማይለውጠው አንድ ሥርዓት ነበረው። በቦክስ አንዱ ተጋጣሚ በጣም ሲጎዳ ከጥጉ ያለው የሱ ሰው ፎጣ ወደ መድረኩ ይወረውራል። ዳኛው ፎጣ ካየ ግጥሚያው አለቀ፤ የወረወረው ወገን ተሸነፈ። በሌላው ክለብ ፎጣ የሚይዘው አሠልጣኙ ነው። አሥር አለቃ ግን ለሥጋ ዘመድ ነው የሚሰጠው። አባት ያለው አባቱ ይይዛል፤ ወንድም ያለው ወንድሙ።

"አሠልጣኝ ድል ያምረዋል" አለኝ የመጀመሪያ ቀን፣ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ እየጣለ። "በሌላ ሰው ልጅ መጨከን ቀላል ነው። አንተ ግን ወንድምህ ነው፤ ትሳሳለታለህ። ዓይንህ ያየውን እጅህ ያድርግ። እኔን አትጠይቀኝ።"

አንድ ጊዜ ወርውሬዋለሁ። የከፍተኛው፣ የአካባቢው ቀበሌዎች ሁሉ፣ ውድድር ላይ ነው። ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ አላስቻለኝም፤ ጣልኩት። ወንድሜ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ጋሼ ማለቱን ትቶ "ሰውዬው" ይለኝ ጀመር። አንድ ገበታ ቀርበን "እማዬ፣ ሰውዬው ሽሮውን ሊጨርሰው ነው" ይላል። እናቴ ሳቋ እየመጣ ነው ያስታረቀችን። ያን ቀን ሁለተኛ ሳልነግርህ አልጥልም ብዬ ቃል ሰጠሁት። እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ግን አላሰብኩበትም።

ከዚያ በኋላ ማንም አልቻለውም። በሁለት ዓመት ውስጥ የአዲስ አበባ ሻምፒዮን ሆነ። ጎበዝ የሚያሰኘው ዱላው አልነበረም፤ አለመመታቱ ነው። ሰው ቡጢ ሲሰነዝር እሱ እዚያ የለም። አሥር አለቃ "ጢስ ነው፣ ጢስ" ይል ነበር። እናቴ ግጥሚያ አይታ አታውቅም። በግጥሚያ ቀን መድኃኔዓለም ሄዳ ትቆይና ቤት ትመለሳለች። እኛ ስንመጣ በር ላይ ቆማ ፊቱን አገላብጣ ታያለች። አሸነፈ ተሸነፈ ብላ አትጠይቅም። ፊቱ ደህና ከሆነ "ግቡ" ትላለች፤ ይኸው ነው።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ሰሜን ጦርነት ነው፤ የሄደው ልጅ ወሬው አይመጣም። አንድ እሑድ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሕዝቡን ሰብስቦ የሚዘምቱ ልጆች ስም አነበበ። አሥራ አንድ ናቸው። ሰባተኛው ወንድሜ ነው። የእኔ ዕድሜ አልፎ ነበር፤ በእሱ ፋንታ ልሂድ ብዬ ብጠይቅም ሊቀመንበሩ "ጓድ፣ ይሄ የዕቁብ ዕጣ አይደለም፤ አይቀያየርም" አለኝ። እናቴ ከአግዳሚው ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ልቧን ያማት ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ባሰባት። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ድንጋጤ ካገኛት አትተርፍም አለኝ።

በዚህ መሀል አንድ የሠራዊት ክለብ ሰው አሥር አለቃ ዘንድ መጣ። ለክለብ የተያዘ ስፖርተኛ ወታደር ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ከከተማ አይወጣም። ሰውየው ወንድሜን ሲጋጠም አይቶታል።

"የአገር ሻምፒዮን ከሆነ እንወስደዋለን" አለ። "ስሙን ከዝርዝሩ የማስወጣው እኔ ነኝ። ግን አንደኛ ይውጣ። ሁለተኛማ ሞልቶናል።"

የአገሪቱ ሻምፒዮና ቅዳሜ ነው። ዘማቾቹን የሚወስደው መኪና ሰኞ። እንግዲህ የወንድሜ ነፍስ በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ነበረች።

በራሱ ክብደት አንድ የማይቻል ሰው ስለነበረ አሥር አለቃ ወደ ታችኛው ክብደት ይውረድ አለ። ሦስት ኪሎ መጣል ነበረበት። ሁዳዴ ጾም ስለነበረ አላስቸገረም፤ ወረደ። ግን ፊቱ ጠቆረ፤ ደረጃ ሲወጣ አየሁት፣ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ሚዛኑ ልክ ነው ብለን ደስ አለን። ልጁን ራሱን አላየንም።

እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ደረሰ። ተጋጣሚው ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክለብ የመጣ ግራኝ ነው። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አሥር አለቃ የወንድሜን እጅ በፋሻ ጠቅልሎ ጨረሰና ውሃ ሊቀዳ ወጣ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ።

"ጋሼ፣ ፎጣው አንተ ጋ ነው?"

"እኔ ጋ ነው።"

"ዛሬ አትጥለውም።"

"እንደ ሁኔታው ነዋ።"

"ሁኔታ የሚባል የለም። ከተሸነፍኩ ሰኞ ጭነው ይወስዱኛል። ታውቃለህ አይደል?"

"አውቃለሁ። አልጥልም፤ ቃሌ ነው።"

"ቃልህን ተወው። እማዬ ትሙት በል።"

በእኛ ሰፈር እናቴ ትሙት ማለት ተራ ነገር ነው። ሰው ለሽንኩርት ዋጋም ይምላል። እኔ ግን ሐኪሙ ያለኝ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እናቴ ያን ሰዓት መድኃኔዓለም አጥር ሥር ልቧን ይዛ ተቀምጣለች። በሷ ምዬ ማፍረስ ማለት ለእኔ ሄዶ ደረቷን መምታት ነው። ደግሞም መሐላ በልቼ አላውቅም። ግትር ነው ይሉኛል፤ ነኝ።

"እሱን ተው" አልኩት።

"በል ጋሼ። ካላልክ አልወጣም።"

"እማዬ ትሙት፣ አልጥልም" አልኩ።

ሳቀና በፋሻ በተጠቀለለው እጁ ሆዴን መታ አደረገኝ።

አንደኛው ዙር የሱ ነበር። ግራኙ ይሰነዝራል፣ ጢሱ የለም። ሕዝቡ እንደ ጭፈራ ነው ያየው። ሁለተኛው ዙር ሲጋመስ ግን እግሩ ከበደው። ያ የጣልነው ሦስት ኪሎ የእግሩ ኃይል ነበር መሰለኝ። ግራኙ ከጆሮው በላይ፣ በጆሮ ግንዱ፣ አንድ ጊዜ አገኘው። ድምፁን ሰማሁት። እንጨት በጨርቅ ጠቅልለህ ብትመታ የሚሰማው ዓይነት ነው። ወንድሜ በጉልበቱ ወደቀ። ዳኛው እስከ ስምንት ሲቆጥር ተነሣ። ደወሉ አዳነው።

ጥግ መጥቶ ተቀመጠ። አሥር አለቃ ውሃ አፈሰሰበትና ጣቱን ዓይኑ ፊት አወዛወዘ። የወንድሜ ዓይን ጣቱን አልተከተለም።

"ስንት ጣት ነው?" አለው።

"ልክ ነኝ" አለ ወንድሜ።

አሥር አለቃ ወደ እኔ ዞረ። እኔን አትጠይቀኝ ያለኝ ሰውዬ፣ የዚያን ቀን እሱ ለመነኝ። "ወርውረው" አለ።

"አልወረውርም።"

"ልጁ አያይም እኮ።"

"ሰኞ የት እንደሚሄድ ያውቃሉ፣ አሥር አለቃ።"

"ከጦርነት ሰው ይመለሳል። ከዚህ አይመለስም። ስጠኝ።"

ሦስተኛው ዙር ተደወለ። ወንድሜ እጁ ወርዶ ገመዱን ተደግፏል፤ ግራኙ ይመታዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ በኋላ አልቆጠርኩም። አሥር አለቃ ፎጣውን ከእጄ ሊነጥቅ ያዘው። ገፋሁት። ሽማግሌ ነው፤ በባልዲው ላይ ወደቀ። ፎጣውን እጄ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠምኩት፤ እንዳይጣል። ዓይኔን ጨፍኜ እማዬን አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ ስለ ወንድሜ አላሰብኩም፤ እሷ መሬት ላይ ተዘርራ ነበር የምትታየኝ።

ሕዝቡ ጮኸ። ስገልጥ ግራኙ ነው የተጋደመው። ወንድሜ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ አንድ ቀኝ አግኝቶታል። ዳኛው አሥር ቆጠረ፤ አልተነሣም። የወንድሜን እጅ ሲያነሣው ወንድሜ ዳኛውን እንደማያውቀው ሰው ያየዋል።

በታክሲ ተመለስን። ኦሎምፒያ ስንደርስ "ጋሼ፣ አሸነፍኩ?" አለኝ።

"አሸንፈሃል።"

"በስንተኛው?"

"በሦስተኛው።"

ጥቂት ሄደን "ጋሼ፣ አሸነፍኩ?" አለ። አውሮፕላን ማረፊያው ጋ እስክንደርስ አራቴ ጠየቀኝ። አሥር አለቃ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ወደ ኋላ አልዞረም።

ሰፈሩ በጭፈራ ተቀበለን። እናቴ በር ላይ ቆማ እንደልማዷ ፊቱን ያዘች። አገላብጣ አየችው። "ግቡ" አላለችም።

"ይሄ ልጅ ለምንድን ነው የማያየኝ?" አለች።

ሰኞ መኪናው መጣ። አሥሩ ልጆች ሄዱ። የወንድሜ ስም ተሰርዟል። እናቶቹ ሲያለቅሱ የእኔ እናት ቤት ውስጥ ነበረች፤ አፍራ ነው፣ የሷ ልጅ ስለቀረ። እኔም ያን ቀን ትክክል ሠርቻለሁ ብዬ ነበር። ይህን አልደብቅም። ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር።

ክለቡ ገባ። ሁለት ወር ሳይሞላ ራሴን አመመኝ ማለት ጀመረ። ከዚያ የቀኝ እጁ ብርጭቆ ሲይዝ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ምላሱ መተሳሰር። ቀበሌ ሱቅ ልሂድ ብሎ ይወጣና የሰው ቤት ገብቶ ይቀመጣል። የሰፈር ሰው "ሻምፒዮኑ መጠጥ ጀመረ" አለ። ወንድሜ ጠላ እንኳን ጠጥቶ አያውቅም። ይህን ካለው አንዱ ጋር ተደባድቤ ጥርሴን አጥቻለሁ፤ እስከዛሬ ክፍት ነው። ሆስፒታል አመላለስኩት። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሷል፣ ቶሎ አልመጣችሁም አለ። ዓመት ሳይሞላ ክለቡ ለስፖርት ብቁ አይደለም የሚል ወረቀት ሰጠው። ቀበሌውም አየውና ለውትድርና ብቁ አይደለም የሚል ወረቀት ጨመረለት።

አሥር አለቃ ከገፋሁት ቀን ጀምሮ ቤታችን አልመጣም ነበር። በዓመቱ ብርቱካን ይዞ መጣ። ወንድሜን አቅፎ ብዙ ቆየ። እናቴ ቁጭ በል ብላ ሳታበቃ ጠየቀችው።

"አሥር አለቃ፣ ፎጣ የሚባል ነገር አለ አሉ። ያን ቀን ለምን አልጣላችሁትም?"

አሥር አለቃ መሬት መሬት ያያል። ሊሸፍንልኝ ነው። ሽፋን አልፈለግኩም።

"እኔ ነኝ ያልጣልኩት" አልኩ። "ምዬ ነው።"

"በማን?"

"በአንቺ።"

ብርቱካኑን መላጥ ጀምራ ነበር፤ ልጣ ጨረሰች፣ ለወንድሜ አንድ አንዱን አጎረሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

"እኔ ብሞት ምን ነበረበት? ትጥለውና እኔ እሞት ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በበሽተኛ አሮጊት ይለወጣል? ማን እንዲህ አድርግ አለህ?"

ሌላ ነገር አልተናገረችም። ሁለተኛም አላነሣችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያኔ ፎጣውን ጥለህ ብትመጣ ኖሮ አርባ ስግደት እሰጥህ ነበር" አሉኝ። "በችኮላ ለተማለ መሐላ ይኸው ነው። እናትህም አትሞትም ነበር። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ሰው አይገድልም።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ መሐላህን ጠብቀሃል። መሐላ ላላፈረሰ ምን ንስሐ እሰጣለሁ?"

"አርባውን ይስጡኝ" አልኳቸው።

"ላልሠራኸው ኃጢአት?"

"ይስጡኝ።"

እምቢ አሉ። እኔም እምቢ አልኩ። በራሴ ሰገድኩት፤ አርባውን አንድ ቀን፣ አርባውን በማግስቱ፣ እንዲያ እያልኩ ጾሙ እስኪያልቅ። ጉልበቴ ያኔ የተጎዳ ነው። አልቀለለኝም። ያልታዘዘ ስግደት ስፖርት ነው።

እናቴ ከሦስት ዓመት በኋላ አልጋዋ ላይ ተኝታ አረፈች። ያለ ምንም ድንጋጤ። ከአሥሩ ዘማቾች አራቱ ተመለሱ፤ አንዱ ያለ እግሩ። ስድስቱ ቀሩ። ሰው ሊያጽናናኝ ሲል "ቢሄድ ኖሮ ይሞት ነበር" ይለኛል። ከስድስቱ አንዱ ሊሆን ይችል ነበር፤ ከአራቱም አንዱ ሊሆን ይችል ነበር። አላውቅም። የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አታጽናኑኝ እላቸዋለሁ።

ወንድሜን ከዚያ በኋላ ብቻዬን ያዝኩት። ሥራ ስሄድ የጎረቤታችን ሴትዮ፣ ያቺ አጥሯን የጣለባት፣ ታየው ነበር። አጥብው፣ አለብሰው፣ አበላው ነበር። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ሞተ። መንገዱ ሁሉ ከጦር ሜዳ በሚመለስ ወታደር ተሞልቶ፣ ሬሳውን በመካከላቸው አሳልፈን ነው የቀበርነው።

ከመሞቱ በፊት በነበረው ወር አንድ ጠዋት በራፋችን ላይ ፀሐይ እያሞቅኩት ነበር። አንዳንድ ቀን ይጠራለት ነበር፤ እንደ ጤነኛ ሰው ያወራል። ሸሚዙን እየቆለፍኩለት ሳለ፣

"ጋሼ፣ ያ ግራኝ ከባድ ሰው ነበር" አለኝ።

በስድስት ዓመት ውስጥ ያን ቀን አንስቶት አያውቅም። እጄ ቆመ።

"ከባድ ነበር" አልኩት።

"አሥር አለቃ ጣለው ይልህ ነበር። ሰምቻለሁ።"

"አዎ፣ ይለኝ ነበር።"

"ብትጥለው ኖሮ አልምርህም ነበር።" አሰበ፤ ምላሱ እየተሳሰረ ጨመረ። "እስክሞት ሰውዬው ነበር የምልህ።"

"ባትምረኝ ይሻለኝ ነበር" አልኩት።

"ምን?"

ዓይኑ እያለፈኝ ሄዶ ነበር። አንገቱን ቀና አደረግኩና የቀረውን ቁልፍ ቆለፍኩለት።